የሹፌሩ ወንበር

ቅዳሜ፣ ጥር 19 ቀን 2010 ዓ.ም.

አቦይ፣ አባቴ፣ ለዓይኑ ምርመራ ወደ ዓይደር ሆስፒታል እስኪሄድ ጠብቄ፣ ግቢ ከቆመችው ሚኒባሱ የሹፌሩን ወንበር ፈታሁ። ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ እምቢ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ባይነዳትም በየጠዋቱ አቧራዋን ይጠርጋል።

ጎረቤታችን ሰይድ በያጁ ለወንበሩ የብረት እግር በየደለት። አውሮፕላን ማብረር የምለማመድበት ኮምፒውተር ፊት አቆምኩት፤ ቁመቱ ከኮምፒውተሩ መሪ ጋር ልክ መጣ።

አቦይ ሲመለስ መደገፊያውን ዳሰሰና "ይሄ የኔ ነው" አለ። ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ማንሻውን ስቦ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ። ቀኝ እጁ ማርሽ ፈልጎ አጣ።

"ወደይ፣ ልጄ፣ ስፖኪዮው የታለ?"

"አቦይ፣ አውሮፕላን እኮ ነው።"

"ቢሆንስ? ኋላህን ሳታይ ልትነሳ ነው?"

ወጥቼ የሚኒባሱን የግራ ስፖኪዮ ፈታሁ፤ ከወንበሩ ጎን በሽቦ አሰርኩት። አቦይ በመሀረቡ ወለወለው፤ ደግሞ ወለወለው። "አሁን ይታያል" አለ።

ሐኪሙ ምን እንዳለው እስካሁን አልጠየቅኩትም።