ለአንድ ዜሮ ሽማግሌ የላኩት መምህር

መምህር አዛናው አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ዘሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋዬ ባዬ በምዕራብ ጎጃም ማንኩሳ አካባቢ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው ታናሽ እህታቸው እናኑ ነኝ። ጅጋ ላይ መምህርት ብሆንም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ምክንያቱን ስደርስበት ትሰሙታላችሁ።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከየኔታ ዘንድ ነው። አንደኛ ደረጃን ማንኩሳ፣ ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ተምረው ካጠናቀቁ በኋላ በ1976 ዓ.ም. በመምህርነት ሠልጥነው ቡሬ ተመደቡ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ያምሮት ጋር ጋብቻ መሥርተው ማርያማዊትንና አንዷለምን አፍርተዋል። በክረምት ትምህርት የአማርኛ ዲግሪያቸውን ያዙና በ1990 ዓ.ም. ወደ ኮሌጅ ተዛውረው ለዕጩ መምህራን ድርሰት አጻጻፍ ማስተማር ጀመሩ።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ አስተማመራቸው እንደ ሌላው ሁሉ ነበር። በስቴንስል የተባዛ አንድ ናሙና ድርሰት ይሰጣሉ፤ ተማሪው መግቢያውን ይሸመድድና በፈተና ቀን ርእሱን ብቻ ለውጦ ይመልሰዋል። እርሳቸው በቀይ እስክርቢቶ ስሕተት ይለቅማሉ። መጻፍ ከላይ የሚሰጥ ጸጋ ነው፣ ያልተሰጠው ሰው ቢማርም አያገኘውም የሚል እምነት ነበራቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ተማሪ ይዞ ከዚህ የተለየ ማድረግ ይቻላል ብሎ የሚያስብ መምህርም ብዙ አልነበረም። እኔም ልጆቼን ስንት ዓመት በዚሁ መንገድ ስላስተማርኩ አልፈርድባቸውም።

በ1996 ዓ.ም. «የማልረሳው ቀን» የሚል ርእስ ሰጡ። ከፈረስ ቤት የመጣች አንዲት ተማሪ ናሙናውን ትታ አባቷ የተቀበረበትን ቀን ጻፈች። ሙሾ አውራጅ የሆነችው እናቷ በዚያ ቀን ያወጣችውንም እንዲህ ስትል አስገባችበት፦

ዝናቡ ዘነበ፣ ማሳው ለሰለሰ፣
የሚያርሰው ብቻ አፈሩን ለበሰ።

መምህር አዛናው ሲያነቡት ደነገጡ። ለባልደረቦቻቸው ቢያሳዩዋቸው ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ አትጽፈውም አሏቸው። እርሳቸውም አመኑ። ወረቀቱ ላይ ዜሮ ሰጥተው ክፍል ውስጥ አስቆሟትና ከየት እንደገለበጠችው ጠየቋት። ልጅቷ ጨዋ ቤት ያደገች ናት፤ ታላቅ ሲቆጣ መልስ አይሰጥም። አንገቷን ደፍታ ቆመች። እኛም ያደግነው እንደዚያው ነው። ወንድሜ ግን ዝምታዋን ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠሩት። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ገባች፤ አልተመለሰችም።

በ1998 ዓ.ም. የአንድ ባልደረባቸው አባት አርፈው ለቀብር ፈረስ ቤት ሄዱ። ለቅሶው መሐል ያንን ግጥም ከአንዲት ሴት አፍ ሰሙት። ጠጋ ብለው የማን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ «ለባሌ ያወጣሁት ነው፤ ልጄ ጽፋው ከትምህርቷ ተሰናከለችበት» አለቻቸው። ያን ቀን ማታ በመንገዳቸው ጅጋ እኔ ቤት ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

በማግሥቱ ክፍል ገብተው ጥፋተኛው እርሳቸው እንደሆኑ በተማሪ ፊት ተናገሩ። ማርኳ እንዲስተካከልና እንድትመለስ ደብዳቤ አጻፉ። «ልቤ ከክፍል ወጥቷል» ብላ መለሰችው። በዚህን ጊዜ ነው በቄስ ሃይለ ሚካኤል መሪነት ሦስት ሽማግሌ ወደ ፈረስ ቤት የላኩት። መምህር ለተማሪው ሽማግሌ ሲልክ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ተቸግረው፣ «የደም ካሳ እናውቃለን፣ የድንበር እናውቃለን፤ ኧረ የዜሮ ካሳው ምንድን ነው?» ብለው ነበር። ልጅቷ አክብራ ተቀበለቻቸው፣ ጠላ ቀዳችላቸው፣ ከዚያም «ላስብበት» አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወንድሜ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አንዳንዴ ከሽማግሌ ጋር፣ አንዳንዴ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር። ልጅቷ አሁን በልብስ ስፌት የምትተዳደር የልጆች እናት ናት። መልሷ ግን ያው «ላስብበት» ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያስተማሯቸው ሁሉ ሌላ ሰው ነው የሚያውቁት። ናሙናውን አስቀሩ። አንዱን ድርሰት ሦስት ጊዜ ያጽፉ ነበር፤ ማርክ ከመስጠታቸው በፊትም ጸሐፊውን አስቀምጠው ያነጋግሩታል። በራፋቸው ላይ ተማሪ ከመብዛቱ የተነሣ ባልደረቦቻቸው «ቢሮህን ወፍጮ ቤት አደረግኸው» ይሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን አልተረጋጉም። ማርክ ባስገቡ ቁጥር «ዘንድሮስ ማንን በድዬ ይሆን?» ይሉኛል። እኔም የራሴን ተማሪዎች እያሰብኩ እፈራለሁ።

በ2009 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተይዘው ባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። የ2010 ዓ.ም. ጥር መጥቶ ፈረስ ቤት መሄድ ሲያቅታቸው ጠሩኝና፣ «እናኑዬ፣ የዚያችን ልጅ ነገር ጽፈሽ ሳታነቢ እንዳትቀብሩኝ» አሉኝ። ታላቅ ወንድማችን አምላኩ በዚህ አልተስማሙም። በሬሳ ፊት ነውር አይነበብም ይላሉ። ሦስት ጊዜ የቀደድኩት ለዚህ ነው። አራተኛውን ግን አልቀደድኩትም። ስሟን ያልጠቀስኩት ፈቃዷን ስላላገኘሁ ነው፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ አልነበረኝም።

መምህር አዛናው በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ሰኔ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ያምሮት፣ ልጆቻቸው ማርያማዊትና አንዷለም፣ ወንድማችን አምላኩ፣ እኔ እህታቸው፣ እንዲሁም በየገጠሩ የሚያስተምሩ ልጆቻቸው የሆኑ ተማሪዎች ኀዘንተኞች ነን።

ከዚህ በታች ያለው፣ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እስካሁን በእጄ የጨመርኩት ነው።

ማለዳ ላይ ጨክኜ ደወልኩላት። ማረፋቸውን ነገርኳት፣ የጻፍኩትንም ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። እርሷም፣ «ስሜን ከነአባቴ ጻፊው። ይቅርታውን ግን በስልክ አልሰጥም፤ አሥራ ሁለት ዓመት እግራቸው መጥቷል፣ አንድ ቀን የእኔም እግር ይምጣ። ፊታቸው ቆሜ እናገረዋለሁ። እባክሽ ሳልደርስ አፈር እንዳታለብሷቸው» አለችኝ።

ስሟ እናትነሽ ገነነ ይባላል።

መኪና መሳፈሯን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ሰማዩ ጠቁሯል፣ የዳገቱም መንገድ በሰኔ ዝናብ እንደሚከፋ ሁላችንም እናውቃለን። ካህናት አባቶቻችን ሰዓቱ ማለፉን የሚነግር ሰው ሁለት ጊዜ ልከውብኛል፤ እግራችሁ ላይ ወድቄ እለምናችኋለሁ፣ ጥቂት ታገሡን። የቀረኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እርሱንም ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።

እግዚአብሔር የመምህር አዛናውን ነፍስ ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ መንገደኛዋንም በሰላም ያድርስልን።