የመርሳው ኮምፒውተር ያልጠራው ተቀጥላ

መርሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ኤደን፣

ይህን የምጽፍልሽ ራሴ ነኝ፤ መስመርም አልሳትኩም። ቀኝ ዓይኔ ፊደል መለየት ጀምሯል። የግራው ቀጠሮ ለጥር ነው፤ ቀኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ።

መስከረም ላይ ክሊኒኩ የሰጠኝ ወረቀት፣ ዓይኔን ለመታከም ወልድያ ሆስፒታል የምሄድበት «ቀን 15፣ ወር 10» ነው ይል ነበር። ሰኔ 15 መስሎኝ ዘጠኝ ወር ልጠብቅ ተቀመጥኩ። ወልድያ የጻፉት ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበር። ተራዬ ጥቅምት 5 ኖሯል።

ጥቅምት 2፣ እሑድ፣ በሬን አንኳኳሽ። መልክሽን አልለየሁትም፤ በድምፅሽ ነው ያወቅኩሽ። ከመርሳ የተላኩ ሁለት በሽተኞች በተራቸው ቀን ሳይመጡ መቅረታቸውን ሰምተሽ ኖሯል የመጣሽው። ወረቀቴን አየሽና፣ «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልሽ።

ከዚያ አስረዳሽኝ። በወልድያው ሆስፒታልና በመርሳው ክሊኒክ ኮምፒውተሮች መካከል የሚመላለሰውን መልእክት መንገድ ላይ ይዞ ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር የሚመልስ ተቀጥላ ፕሮግራም ሠርተሻል። ወልድያ ስትሞክሪው ላኪውም ተቀባዩም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ስለነበሩ በደንብ ሠራ። መርሳ ያለው ፕሮግራም ግን ተቀጥላውን እንዲጠራ በራሱ ማዘዣ ፋይል ውስጥ ሊጻፍለት ይገባ ነበር፤ አንቺ የጻፍሽው በወልድያው ብቻ ነው። ስለዚህ ተቀጥላው እዚሁ ተጭኖ፣ የሚጠራው አጥቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ተቆጣሁ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራ የሚፈተነው በሚውልበት ቦታ ነው ብዬ አላስተማርኩሽም?»

«አስተምረውኛል» አልሽ። «ለዚህ ነው በስልክ ሳልነግርዎት እዚሁ የመጣሁት።»

በማግስቱ ክሊኒክ ይዘሽኝ ሄድሽ፤ የጎደለውን ትእዛዝ በመርሳው ፋይል ውስጥ ጻፍሽ። ወረቀቴ እንደገና ሲታተም «ጥቅምት 5» ብለሽ አነበብሽልኝ። እኔን ሸኝተሽ፣ የቀሩትን አሥራ አንድ ሰዎች ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ በባጃጅ እየዞርሽ ፈለግሽ። የውርጌሳው አቶ ጁነይድ አሁንም ይስቃል። «ሰላም ሳትለኝ ጥፋቷን ነገረችኝ። ወላሂ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ገና አሁን ነው» ይላል።

እሱ ሲስቅ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሽ፣ ሰሌዳው ላይ የካቲት 16 ብዬ ስጽፍ እጅሽን አውጥተሽ «17 ነው» አልሽ። እስከ እረፍት አንበረከክሁሽ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ስድስቷን አጥፍቼ ሰባት አደረግኋት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ልጄ፣ አመሰግንሻለሁ፤ ስለ ዓይኔም፣ በሬ ላይ ቆመሽ ስላልሽው ቃልም። ያን ቀን የካቲት 17 ነበር። ለጥር ስትመጪ ይህንኑ በአፌ እነግርሻለሁ፤ ሰላም ሳልልሽ በፊት።

መምህርሽ ብዙነሽ