የከተማዋን ስም ቀይሬ፣ በርህን እንዳለ ትቼ

አባዬ፣

አንባቢም ይስማኝና አንድ ያሳፈረኝን ነገር ላጫውትህ። ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እኔም በአንድ መጽሔት ላይ በየወሩ በምጽፈው ልብ ወለድ ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅህን እንዳለ አስገባሁት። ብልጥ መስሎኝ ቡታጅራን ሌላ ስም አወጣሁላት። አረንጓዴውን በር ግን አልቀየርኩም፤ አንድ እግሩን በድንጋይ ያስደገፍከውን አግዳሚም እንዲሁ። ልብስ ሰፊውም መርፌ በከንፈሩ ይዞ ያንጎራጉራል። ማን ይስተዋል?

ከተማው አልሳተውም። ባለፈው ስመጣ ገና ከአውቶቡስ ሳልወርድ አንዱ ያዘኝና፣ "አንቺ፣ ድንጋዩ በግራው እግር ሥር አይደለም እንዴ? ምነው ወደ ቀኝ ወሰድሽው?" አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ አመተም "ወፍራም አደረግሽኝ" ብለው አኩርፈዋል። እሳቸውን ግን ጨርሶ አልጻፍኳቸውም።

ሞትህን መጻፍ ስላቃተኝ፣ ልብስ ሰፊውን አዝራር እንዲገዛ አዲስ አበባ ልኬ "ለመስቀል እመለሳለሁ" አሰኘሁት። የአገራችን ሰው የትም ቢነግድ ለመስቀል ቤቱ አይደል የሚገባው?

ታዲያ አንድ የጎረቤት ከተማ፣ የእንሴኖ፣ በርበሬ ነጋዴ ታሪኩ አውቶቡስ ላይ ሲነበብ ሰምቶ ኖሮ፣ በሩንና አግዳሚውን ለይቶ፣ ልብስ ሰፊውም እውነት አዲስ አበባ የሄደ መስሎት፣ በገበያ ቀን ጨርቅ ይዞ በርህ ላይ ቆመ። "አሰላሙ አለይኩም። የልጄ ሠርግ ከመስቀል በኋላ ነው፤ ሰውዬው መቼ ይመለሳል?" ሱቅህን ከፍታ ክር የምትሸጠው፣ ጽሑፌንም እያስነበበች የምትሰማው እማዬ ምን ብትለው ጥሩ ነው? "ለመስቀል ይገባል።" ጨርቁንም ተቀብላ መደርደሪያህ ላይ አኖረችው።

ደንግጬ ለምን እንዲህ እንዳለችው ጠየቅኋት።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው" አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

የመጽሔቱ አዘጋጅ "ሰውዬውን መንገድ ላይ ግደዪውና ታሪኩ ይለቅ፤ አንባቢም ያለቅሳል" ይለኛል። እኔ ደግሞ እማዬ ሞትህን ሁለተኛ ጊዜ ከመጽሔት እንድትሰማ አልፈልግም። በዚያ በር መልሼ ላስገባህ ብልስ፣ ጨርቁን ማን ይቆርጠዋል?

ስለዚህ መስቀል ሳይደርስ እመጣለሁ። ልብስ ሰፊው የማይመለስበትን የመጨረሻውን ምዕራፍ ከመታተሙ በፊት፣ አግዳሚህ ላይ ከእማዬ ጎን ተቀምጬ እኔው አነብላታለሁ። ከዚያ ጨርቁን ይዘን እንሴኖ እንሄድና ሰውዬውን ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ ለሠርጉ ሌላ ሰፊ እንዲፈልግ ጊዜ ይኖረዋል። ምን እንዳለችኝ መቃብርህ ድረስ መጥቼ እነግርሃለሁ።

በሩ በድርሰቱም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ድንጋዩንም ወደ ግራው እግር መልሼዋለሁ፣ አባዬ፤ ከእንግዲህ አልስተውም።

ልጅህ