የአራሷ አይጥ ጉድጓድ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ በሆዴ ካለው ጋር በሕይወት አለሁ። ስልኬን በገብስ ስለለወጥኩት ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ታናሼ ባንቺዓለም ጮክ ብላ ታንብብልሽ።

ወደ እኔ ልትመጪ እንዳሰብሽ ከሙጃ ገበያ የተመለሱ ሰዎች ነገሩኝ። እማ፣ የምትመጪበት ቤት የለም። ጥቅምት ላይ በረዶ ገብሱን አርግፎ ተኛበት፤ የተረፈውን አይጥ ወደ ጉድጓዷ አስገባችው። እኛም ኅዳርን ሙሉ አይጥ ስንዘርፍ ከረምን። የጠቀመኝ ልጅ ሳለሁ ያስተማርሽኝ ነው። «ወንዱን ተዪው፣ ያገኘውን እዚያው ይበላል፤ አራሷን ፈልጊ፣ እሷ በራባት ቁጥር ታከማቻለች» ትዪኝ ነበር። ባሌ አረጋ አላመነኝም። ሰፊ ሰፊውን ጉድጓድ እየመረጠ ሲቆፍር ውሎ ባዶ እጁን ገባ። እኔ አፉ በእርጥብ አፈር የተደፈነውን ቆፈርኩ፤ በሯን የምትዘጋ አራስ ናት። ዛላውን እንደ ነዶ ደርድራው አገኘሁ። ዓይናቸው ያልተገለጠ ስድስት ልጆቿን ለዶሮዬ ወረወርኩላት። እናትየው ትታቸው አንድ ዛላ በአፏ ይዛ ሮጠች። አረጋ «ይቺም እናት ተብላ» ብሎ ሳቀባት። እኔ አልሳቅሁም። ልጅ ነገም ይወለዳል፣ ገብስ ግን ከየት ይመጣል?

ያም አልቋል፤ የቀረን ሦስት ጣሳ ነው። ስለዚህ ፋሲካ እስኪያልፍ ታገሺኝ፣ ያኔ በቅሎ ለምኜ አስመጣሻለሁ። የላስታ ቅዱሳን ይጠብቁሽ፣ የዕለት ጉርስሽን አይንሱሽ።

ልጅሽ

ባንቺዓለም፣ ከዚህ በታች ያለውን ድምፅ አውጥተሽ እንዳታነቢ። ሳል ይያዝሽና ወረቀቱን እጠፊው።

ሆድ ካገር ይሰፋል። መደቡ ሥር አራት ቁና ገብስ ቀብሬያለሁ፤ አረጋም አያውቅም። ጽንሱ እየገፋ ሲሄድ እጄ መደበቅ ለመደ። እሱ ቀበቶውን ሲያጠብቅ እያየሁ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ አፍር ነበር፣ አሁን አላፍርም።

ክንድሽ ለቁፋሮ ይሆናል፣ ምጤ ሲመጣም ሴት ያስፈልገኛል። ብቻሽን ነይ። እማን ለጎረቤታችሁ ለሰርካለም አደራ ስጫት። «በቅሎው ከፋሲካ በኋላ ይመጣል ብላለች» በያት። ፋሲካን እንደማታይ አንቺም እኔም እናውቃለን። እሷም ሳታውቀው አትቀርም፤ ብታለቅስ ዞረሽ አትዪ።

እቤት የቀረችውን ዱቄት ለመንገድሽ ስንቅ አድርጊያት። እሷ ዘንድ ብትቀር ብክነት ነው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

እህትሽ