ከመቀነቴ ሥር

ይድረስ ለእህት ዓለሜ ለየትናየት፣ ጅዳ፤

እንዴት ከርመሻል? እኔ፣ ናፍቆትሽ ደጅ ደጁን ከማሳየቱ በቀር፣ ደኅና ነኝ። ደባርቅ ብርዱ ጠንቷል።

ከመቀነቴ ሥር፣ ከሆዴ እጥፋት ላይ እየተመላለሰ የሚያሳክከኝ ቡናማ ነገር ጭርት አይደለም አሉኝ። የጭርት ቅባት ብቀባው ብቀባው አልለቅ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ መብራቱን አጥፍታ በልዩ ባትሪ ስታየው እንደ ፍም ቀላ። «ይሄ ባክቴሪያ ነው፤ እርጥበት ይወዳል» አለችኝ። ለካ ያባባስኩት እኔው ነኝ። ጠበል ተጠምቄ ስመጣ፣ በረከቱ እንዳይጠረግ ብዬ በእርጥቡ ላይ መቀነቴን ጥብቅ አድርጌ ስታጠቅ ከርሜአለሁ። አሁን በደንብ አድርቄ የሰጠችኝን ቅባት እቀባለሁ፤ እየደበዘዘ ነው።

«ቤት ውስጥ ማን ያይልዎታል?» ስትለኝ «ሰው አለ» አልኳት። ብቻዬን ነኝ እንዴት ልበላት?

ደግሞ «እንዲህ የሚመላለሰው ስኳር ሲኖርም ነው፤ ቁርስ ሳይበሉ ይምጡና ደምዎን እንይ» ብላኛለች። ገበያውም፣ አዝመራውም አላላውስ አለኝና ሳልሄድ ቀረሁ። በዚህ ብርድ ውኃ ውኃ ይለኛል፤ ሽሮዬ ጨው በዝቶበት ይሆናል።

የወንድማችን የያርጋል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስኳሩ እግሩን ካስቆረጠው ወዲህ ያልተጫማት አንዷ ጫማ እስካሁን ከበሩ ሥር ነበረች። ዛሬ አንስቼ ከአልጋ ሥር ወሸቅኳት።

ጫማ ልላክልሽ ያልሽውን ለጊዜው ተይው።

ባሕሩን አሻግሮ የወሰደሽ አምላክ በደኅና ይመልስሽ።

እህትሽ ባንቻየሁ