እጀታ መስፋት የተዉት የአቶ ጎሜር ፕሮሰር የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ ጎሜር ፕሮሰር ከአባታቸው ከአቶ ቱዶር ፕሮሰርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማርጌድ ሆፕኪን በፔንሲልቬኒያ፣ ብሪንኮል በተባለችው በዚችው የከሰል ማዕድን መንደራችን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1880 ተወለዱ። አያታችን ለማዕድን በቅሎዎች የቆዳ ዕቃ ይሰፉ ስለነበር አባታችን ፊደል ሳይለዩ ወስፌ መያዝ ለመዱ።

በ1898 ሞርላን ኮሌጅ ገቡ። አብሯቸው የገባው የጎረቤታቸው ልጅ ኢድዋል ፔንሪ ነበር። ኢድዋል የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ነው፤ በሃያ ዓመቱ ስለቀረ ግን እኛ ቤት አንቱ ተብሎ አያውቅም። ሁለቱም የኮሌጁን የፉትቦል ቡድን፣ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የአሜሪካኑን ጨዋታ፣ ተቀላቀሉ። በ1901 መጸው አባታችን አምበል ሆኑ፤ ኢድዋል ፈጣን ነበርና ኳሷን ታቅፎ የሚሮጠው እሱ ሆነ።

በዚያን ዘመን ተጫዋች ራሱን ከምት የሚጠብቅበት ቆብ አልነበረም። ኳስ የያዘውን ልጅ ተቃራኒዎቹ ሲይዙት፣ የራሱ ጓደኞች ሱሪው ላይ በተሰፋ የቆዳ እጀታ ጎትተው ወደ ፊት ያሳልፉታል። የኢድዋልን እጀታ በሰም በተቀባ ክር የሰፉት አባታችን ናቸው። የኢድዋል እህት ኦልዌን፣ በኋላ እናታችን የሆኑት፣ ይህንን አይተው፣ “ጎሜር፣ ወንድሜ ሻንጣ ነው እንዴ እጀታ የምትሰፋለት?” ብለው ቀለዱባቸው። “ሻንጣ ቢሆንማ አፉን ይዘጋልኝ ነበር” አሉ አባታችን። ኢድዋል ወሬ አያልቅበትም ነበርና ሦስቱም ሳቁ።

ያን መጸው ሞርላን የገጠመውን ሁሉ አሸነፈ። ግን እያንዳንዱ ድል አንድ ሰው ይዞ ይሄድ ነበር፤ መጀመሪያ የአንዱ ትከሻ ወለቀ፣ ቀጥሎ የሌላው ጉልበት ተሰበረ። ከተማው ድሉን ሲሰማ የጸሎት ቤቱን ደወል ይደውላል። የተጫዋቾቹ እናቶች ግን ከአጥሩ ውጭ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ይቆሙ ነበር፤ ማየት ይፈራሉ፣ ጥለው መሄድም አይሆንላቸውም። ለሻምፒዮናው ጨዋታ ሲደርሱ በእግሩ የሚቆም ተቀያሪ አልቀረም። ከሜዳ የወጣ መመለስ ስለማይችል፣ አንድ ሰው ካስወጡ በአሥር ሰው መጫወት ነበር።

ተጋጣሚያቸው ሃርስተን ኮሌጅም ሽንፈት አያውቅም። እስኪመሽ ድረስ አቻ ቆዩ። ያኔ የአንዱ ተጋጣሚ ጉልበት የኢድዋልን ራስ መታው። ኢድዋል ተነሥቶ ሄደና ከሃርስተን ልጆች ጎን ተሰለፈ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ፊቱን ሲያዩ ግን አባታችንን ጠሩ። አባታችን እጁን ይዘው መለሱት።

“ጎሜር፣ ደወሉን ማነው የሚደውለው?” አላቸው።

የሚደወል ደወል አልነበረም። አባታችን ይህን አውቀዋል። መጸውን ሁሉ ደም የተከፈለበት ድል በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበረ፤ ልጁን ማስወጣትም የእሳቸው ሥልጣን ነበር።

“አይዞህ፣ አንዴ ብቻ ያዛት። እኛ እንጎትትሃለን” አሉት።

ኢድዋል ኳሷን ታቀፈ። የሃርስተን ልጆች እግሩን ያዙ፤ አባታችንና ጓደኞቻቸው እጀታውን ይዘው ጎተቱ። ስፌቱ አልተበጠሰም። የግቡን መስመር አሻገሩት፣ ሞርላን ሻምፒዮን ሆነ፣ ሕዝቡም ወደ ሜዳው ጎረፈ። ኢድዋል ኳሷን እንዳቀፈ ተኝቶ ነበር። አባታችን “ተነሣ እንጂ!” ብለው ጮኹበት። በዚህ መሀል የድሉ ደወል መደወል ጀመረ። ኢድዋል አንድ ቃል ሳይናገር በማግስቱ ጠዋት ዐረፈ፤ በዚያው ደወል መርዶው ተደወለ።

አባታችን ኮሌጁን ትተው ወደ አያታችን ሱቅ ገቡ። እናታችን ለዓመታት አላነጋገሯቸውም፤ በ1908 ግን ተጋቡ፣ እኔንና ወንድሜን ሬስን ወለዱ። እንዴት ይቅር ተባባሉ? እኛ አልጠየቅንም፣ እነሱም አልነገሩንም። ኮሌጁ በየዓመቱ ለሻምፒዮናው በዓል ሲጠራቸው አንድ ቀንም አልሄዱም። ኮርቻ ይሰፋሉ፣ ጫማ ይጠግናሉ፤ እጀታው የተበጠሰ ሻንጣ ያመጣ ሰው ግን እንደያዘው ይመለሳል። ሰው ግትርነት ይለው ነበር። ስፌቱ በተበጠሰ ኖሮ እያሉ እንደኖሩ የምናውቀው እኛ ነን።

ባለፈው ኦክቶበር ሳንባቸውን ታመው ተኙ። ትኩሳቱ ሲበረታ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ተነሣ ወይ?” በመጨረሻ እናታችን አልጋው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙና፣ “ተነሥቷል፣ ጎሜር። አሁን አንተ ተኛ” አሏቸው። አባታችን ኖቬምበር 24 ቀን 1951 በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

አእምሯቸው ሳይደክም የተናዘዙት አንድ ነገር አለ። ሬሳ ሣጥኑ እንደ ልማዱ የነሐስ እጀታዎች አሉት። ስለዚህ ዛሬ የምትሸከሟቸው ወንድሞች፣ እባካችሁ እጀታውን አትንኩት፤ በትከሻችሁ ያዙልን። ፈጣሪም ነፍሳቸውን ቀስ ብሎ፣ ሳይጎትት፣ በእቅፉ ያንሣልን። አሜን።