አልወጣ ያለው የሠርጌ ፊልም

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽ አሁንም ያስቸግርሻል? አክስቴስ እንዴት ናት? ሁልጊዜ እዚህ ላይ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እጽፍልሽ ነበር፤ ዛሬ ልለፈው። ስልክ ስደውልልሽ እትዬ፣ የባለቤቴን እናት ማለቴ ነው፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ስለሚቀመጡ የማወራሽ ስለ ብርዱና ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ይህን ለብቻሽ አንብቢው።

ከተዳርኩ ወዲህ አንዴም መጥቼ ያላየሁሽ የሠርጌ ፊልም አስሮኝ ነው። የቀረጸው የባለቤቴ ወንድም ነው። ቀርጾ ሲያበቃ ግን ኮምፒውተር የተማረችው እሷ ናት ብሎ ማቀናበሩን እኔ ላይ ጣለው። እትዬም ፊልሙ ለዘመድ ሳይዳረስ ሙሽራ ከቤት የት ትሄዳለች አሉ። ባለቤቴን አንድ ነገር በላቸው ስለው እናቱን አየት አደረገና፣ ጨርሺውና ትሄጃለሽ አለኝ።

ጨረስኩት እኮ። ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ፣ ወንድምየው የመረጠውን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር አለበስኩት። የቀረው ኤክስፖርት ማድረግ ብቻ ነበር፤ ማለትም ፊልሙን ከፕሮግራሙ አውጥቶ በማንኛውም ቴሌቪዥን እንዲታይ ማድረግ። ስጫነው አረንጓዴዋ መስመር ትሄድ ትሄድና ስልሳ ሦስት በመቶ ላይ ቀጥ ትላለች። ከዚያ «አልተሳካም» ይለኛል። ለምን እንዳልተሳካ አይናገርም። ኮምፒውተሩ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ከእትዬ ሶፋ ፊት ለፊት ነው። ሹራባቸውን እየሠሩ መስመሯን ይከታተላሉ፤ ስትቆም ኮምፒውተሩን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩኝ። አንድ ቀን እንዲያውም ሆን ብለሽ ነው እንዴ አሉኝ። ዘግቼ ከፈትኩ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ቦታ ጠቦት ይሆናል ብዬ የልጅነት ፎቶዎቼን ሳይቀር አጠፋሁ። ያው ስልሳ ሦስት። ቤቱ ጠበበኝ፣ እማዬ። መስኮት እንኳ ስከፍት አቧራ ይገባል ይሉና ተነስተው ይዘጉታል።

በመጨረሻ መንገድ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ እንድሄድ ተፈቀደልኝ፤ ያውም ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ። ጠጋኙ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ እዚያ ጋ ያለ የቀረጻ ቁራጭ፣ ክሊፕ የሚሉት፣ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ዘፈኑን ከላዩ አንሺና ክሊፖቹን አንድ በአንድ እያጫወትሽ ፈልጊ፣ ስታገኚው ቆርጠሽ ጣይው አለኝ። ከካሜራው ሲገለበጥ ካርዱን ሳያልቅ የነቀለ ሰው አለ ወይ ብሎም ጠየቀ። ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ለካ ያን ጊዜ እናቱ ራት ቀርቧል ብለው ሲጠሩት ካርዱን መዝዞ ሮጧል። እዚህ ቤት እትዬ ሁለቴ አይጠሩም።

እትዬ ጎረቤት ሲሄዱ ጠብቄ ፈለግኩት። የቱ ሆኖ አገኘሁት መሰለሽ? የእናንተ ጠረጴዛ። ያን ሁሉ ቀርጸው የኛ ቤት ሰው የሚታየው እዚያች ላይ ብቻ ነው፤ እሷም ወንድምየው በዚያ ሲያልፍ ያነሳት ናት። ሙዚቃው ለንግግር ቆሟል መሰለኝ፣ ድምፃችሁ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንቺ ሳህንሽን ሳትነኪ ወደ እኔ ታያለሽ። ከዚያ ወደ አክስቴ ጎንበስ ብለሽ፣ ልጄ አልሳቀችም፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልሳቀችም፣ ይህን ሁሉ ሰው ጠርተን እንዴት ብዬ ላስቁመው ትያለሽ። አክስቴ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል ትልሻለች። እዚያ ላይ ምስሉ ይደርቃል።

ደጋግሜ ሰማሁት። አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ተናድጄብሻለሁ። እያወቀች ዝም አለች? አልኩ። ቆይቼ ግን ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ። ይህን ሁሉ ጊዜ ደህና ነኝ እያልኩ የጻፍኩልሽ አንቺ እንዳትጨነቂ ነበር። አንቺ ደግሞ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ታውቂያለሽ። ታዲያ ከማን ነው የደበቅነው?

ክሊፑን ለራሴ በፍላሽ ገልብጬ ከፊልሙ ቆረጥኩት። መስመሯ እስከ መጨረሻ ሄደች፣ ፊልሙም ወጣ። እሁድ ዕለት ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አየው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ የሙሽራዋ ቤተሰብስ የታሉ እስኪል ጠበቅኩ። ዓይኔ ባለቤቴ ላይ ነበር። የአጎቶቹን ጭፈራ እያየ ይስቃል። ሲያልቅ ተጨበጨበ፤ እትዬም እጅሽ ይባረክ አሉኝ። ባለቤቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ በጣም አምሯል፣ ምንም የጎደለ የለም አለ።

ቃላቸውን አላጠፉም፤ ለአንድ ሳምንት ሄጄ እንድመጣ ፈቅደውልኛል። ሐሙስ ጠዋት እነሳለሁ። ትልቁን ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ ሳወርድ እትዬ ለሳምንት ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሻል ብለው ጠየቁኝ። ትንሹ ዚፑ ተበላሽቷል አልኳቸው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። አክስቴን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታሳዪያት፣ ሰው ይሰማል ብላ ትጨነቃለች። የስፌት መኪናሽን ወደ እኔ ክፍል አስገብተሽዋል አሉ። ለእኔ ብለሽ አታውጪው። አልጋዬን ወደ ግድግዳው ብንገፋው ክፍሉ ለሁለታችንም ይበቃል።

ልጅሽ